የቴስት ክሪኬት ሻምፒዮን በአንድ ጨዋታ ይለይ?

የደይራው | ሰኞ፣ ማታ 4:10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ቤት ከእግር ኳስና ከሩጫ ውጪ ወሬ ብዙ እንደማይወደድ አውቃለሁ። ግን ዱባይ ውስጥ ስድስት ዓመት ከሕንድና ከፓኪስታን ልጆች ጋር አንድ ክፍል ኖራችሁ ክሪኬት ካልገባችሁ ጆሮ የላችሁም ማለት ነው። መጀመሪያ እንዴት እንደምጠላው! አሁን አርብ አርብ መኪና ማቆሚያው ላይ ፕላስተር በተጠቀለለበት የቴኒስ ኳስ ሲጫወቱ ውጤት መዝጋቢው እኔ ነኝ። ሐበሻው አያዳላም ብለው ነው የሾሙኝ።

ትናንት እራት ላይ ጸብ ተነሣ። ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ቴስት የሚባለው እስከ አምስት ቀን የሚሄደው ረጅሙ ክሪኬት ነው። ድሮ ሁለት አገር ተጠራርቶ ይጫወታል፣ በቃ። ከ2019 ወዲህ ግን ዘጠኝ ቡድኖች ሁለት ዓመት ሙሉ ነጥብ ይሰበስባሉ። እያንዳንዱ ስድስት ሲሪዝ (ከአንድ ቡድን ጋር በተከታታይ የሚደረጉ ጨዋታዎች) አለው፤ ሦስቱን በሜዳው፣ ሦስቱን ሰው አገር ሄዶ። ከዚያ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት እንግሊዝ ላይ አንድ ጨዋታ ይገጥማሉ። ያሸነፈ ሻምፒዮን ነው። 2021 ኒውዚላንድ፣ 2023 አውስትራሊያ፣ 2025 ደቡብ አፍሪካ ወሰዱት።

የሕንዱ ልጅ "ሁለት ዓመት የለፋ ቡድን በአንድ ጨዋታ እንዴት ይፈረድበታል?" ይላል። የፓኪስታኑ ደግሞ "ሁለቴ ፍጻሜ ደርሳችሁ ሁለቴ ስለተሸነፋችሁ ነው" አለው። ሩዙ ቀዘቀዘ።

እኔ፣ ከመዝገብ ውጪ፣ ለሕንዱ አደላለሁ። የያኔው የሕንድ አምበል ቪራት ኮህሊም 2021 ላይ ከተሸነፉ በኋላ በአንድ ጨዋታ መለየቱን አልተቀበለውም። ቀጣዩ አምበል ሮሂት ሻርማም 2023 ላይ ሦስት ጨዋታ ቢሆን ይሻላል ብሏል። እሺ፣ ተሸናፊዎች ናቸው። ግን ውሸት ነው? ገና ሳይጀመር ሳንቲም ይወረወራል፣ ማን ቀድሞ እንደሚመታ በዚያ ይወሰናል። ሰማዩ ከደመነ ኳሱ አየር ላይ ይታጠፋል፤ ያኔ የምትመታው አንተ ከሆንክ አለቀልህ። ሦስት ጨዋታ ይሁንና ሁለት ያሸነፈ ይውሰድ። ምን ትላላችሁ?

ምን አገባኝ | ሰኞ፣ ማታ 4:31

ይሄ አምስት ቀን ተጫውተው አቻ የሚወጡበት ነገር አይደል? እኔ ሠርግ ከመልስ ጋር ሲሆን እንኳ ይሰለቸኛል። አንተ ጭራሽ አሥር ቀን ይጨመር ትላለህ። ሥራ የላቸውም?

የደይራው | ሰኞ፣ ማታ 4:38

ሥራቸው ነው እኮ ወንድሜ። ደግሞ በእኛ ቋንቋ ሁሉም "አቻ" ይባል እንጂ እነሱ ጋ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ራኑ (ኳሱን እየመቱ የሚሰበስቡት ውጤት) እኩል ሆኖ ሲያልቅ ነው። ቴስት ከተጀመረበት ከ1877 ወዲህ ይህ የሆነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ 1960 ብሪስቤን ላይና 1986 ማድራስ ላይ። ሌላው ሰዓቱ አልቆ ማንም ሳያሸንፍ ሲቀር ነው። እሱ ሞልቷል። ተሸናፊ የሚመስለው ቡድን የመጨረሻውን ቀን ጥርሱን ነክሶ መቺዎቹ ሁሉ ሳይወጡበት ከዋለ እንደ ድል ነው የሚቆጠርለት።

ማሂ ከለንደን | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:05

እኔ ኦቫል የሚባለው የክሪኬት ሜዳ አጠገብ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ ክሪኬት ሳልወድ በግድ ነው የለመድኩት። ካንተ ጋር አልስማማም።

የ2021ዱን የሳውዝሃምፕተን ፍጻሜ አስታውስ። የመጀመሪያውና አራተኛው ቀን በዝናብ አንድ ኳስ ሳይጣል ቀረ። ያዳናቸው በመጠባበቂያ የተያዘው ስድስተኛ ቀን ነው። እሱም ባይበቃ ኖሮ ሕንድና ኒውዚላንድ ዋንጫውን እኩል ይካፈሉ ነበር፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ዋንጫ እንደ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል እንዴ? ሦስት ጨዋታ ብታደርገው ደግሞ አንድ ለአንድ ሆነው ሦስተኛው ዝናብ ላይ ሲወድቅ አስበው። አንድ ወር ሙሉ ቆይተህ ባዶ እጅህን።

ዋናው ግን ይሄ አይደለም። የ2025ቱን ፍጻሜ፣ ሎርድስ ሜዳ ላይ ከአውስትራሊያ ጋር የተደረገውን፣ አይታችኋል? ደቡብ አፍሪካ በመጀመሪያው ኢኒንግ (የመምታት ተራዋ) 138 ላይ ወደቀች። ከዚያ ለማሸነፍ 282 ራን ያስፈልጋታል ተባለ። እዚያ ሜዳ ላይ ይህን ያህል ተከታትሎ መያዝ ከባድ ነው። አምበላቸው ቴምባ ባቩማ ገና መምታት እንደጀመረ የጭኑ ጅማት ተሳበበት። ሻይ ዕረፍት ላይ ይቀጥል አይቀጥል ብለው ተከራከሩ። ቀጠለ። አንድ ራን ለማግኘት ሃያ ሜትር ያህል መሮጥ አለብህ፤ ሰውየው በአንድ እግሩ እየዘለለ ነበር የሚሮጠው። ከማርክራም ጋር 147 ራን ጨመሩ። እሱ 66፣ ማርክራም 136። በአምስት ዊኬት፣ ማለት አምስት መቺ ገና ሳይወጣባቸው፣ አሸነፉ።

ሦስት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ አሠልጣኙ "ሁለት ይቀረናል፣ ግባና ተኛ" ይለው ነበር። ያን ቀን ዛሬም የምናወራው እኮ ነገ የሚባል ስላልነበረው ነው።

ቁጥር አይዋሽም | ማክሰኞ፣ ቀን 7:20

ማሂ፣ ጨዋታው ቆንጆ ነበር፤ እኔም አይቼዋለሁ። ግን ሁለታችሁም ፍጻሜው ላይ ትነታረካላችሁ፣ ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በፊት ነው።

አንድ ጨዋታ ስታሸንፍ 12 ነጥብ ታገኛለህ። ያለ አሸናፊ ካለቀ 4። ሁሉም እኩል ስለማይጫወት ደረጃው የሚወጣው በመቶኛ ነው። አሁን ከ2023 እስከ 2025 የነበረውን ዙር እንየው። ደቡብ አፍሪካ 12 ጨዋታ። አውስትራሊያ 19። እንግሊዝ 22! ደቡብ አፍሪካ ስድስቱም ሲሪዟ ባለ ሁለት ሁለት ጨዋታ ነበር። ከፍጻሜው በፊት ከአውስትራሊያም ከእንግሊዝም ጋር አንድም ቀን አልተገናኘችም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 8 አሸነፈች፣ 3 ተሸነፈች፣ 1 አቻ። 96 ሲደመር 4፣ 100 ነጥብ። ሊገኝ የሚችለው 144 ነው። 69.44 በመቶ፣ አንደኛ። ኒውዚላንድ በዚያው ዙር ሕንድን በሕንድ ሜዳ ሦስት ለዜሮ ገርፋ (ሕንድ በሜዳዋ ሲሪዝ ሳትሸነፍ 12 ዓመት ቆይታ ነበር) በ48.21 አራተኛ ወጣች።

ሁለት ተማሪዎች አሉ እንበል። አንዱ 12 ጥያቄ፣ ሌላው 22 ጥያቄ ተፈተነ። ጥያቄውም የተለያየ ነው። ከዚያ መቶኛቸውን አስልተህ "አንደኛ" ትላለህ? እኔ አስተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ፈተና ባወጣ ወላጆች በሩን ይሰብሩት ነበር።

ጄፒ ጎዳና | ማክሰኞ፣ ማታ 1:15

መጣችሁብን እንግዲህ። ጆሃንስበርግ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሱቄ ውስጥ ያን ቀን ገበያ አልነበረም፣ ሁሉም ስልክ ላይ ተተክሎ። እነዚህ ሰዎች በ1998 ዳካ ላይ ካገኟት አንዲት ዋንጫ ወዲህ ሲንከባለሉ የኖሩ ናቸው። ሲደርሱ ይታነቃሉ እየተባለ ሲሾፍባቸው ኖረዋል።

ቁጥር፣ ወንድሜ፣ ሒሳብህ ልክ ነው። ግን ፕሮግራሙን ያወጡት እነሱ ናቸው? ሕንድ፣ እንግሊዝና አውስትራሊያ አምስት አምስት ጨዋታ የሚጫወቱት እርስ በርስ ነው። ገንዘቡ እዚያ ስላለ። ለሌላው የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይ ሦስት ነው። ቢጠሩ ኖሮ አይመጡም ነበር?

የማልክደው አንድ ነገር አለ። በ2024 መጀመሪያ ወደ ኒውዚላንድ ሁለተኛ ቡድን ላኩ፤ ዋናዎቹ ልጆች የአገር ቤቱን የአጭር ክሪኬት ሊግ እንዲጫወቱ ተብሎ። ሁለቱንም ተሸነፉ። እሱ አሳፋሪ ነበር።

ነገር ግን በዕድል ነው የምትሉ ኅዳር 2025ን ተመልከቱ። ሕንድ ድረስ ሄደው ኮልካታ ላይ በ30 ራን፣ ጉዋሃቲ ላይ በ408 ራን አሸነፉ። እዚያ አገር ሲሪዝ ካሸነፉ 25 ዓመት ሆኗቸው ነበር። (ጉዋሃቲ ፀሐይ ቶሎ ስለምትጠልቅ ሻይ ከምሳ በፊት ነው የጠጡት። ለክሪኬት ሰው ይሄ ከሽንፈቱ ይብሳል።)

የፉትስክሬ ልጅ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:40

ከሜልቦርን ሰላም። የቁጥሩን ሒሳብ እኔ ልጨርስለት። አውስትራሊያ በዚያ ዙር 13 አሸንፋ 2 አቻ ወጥታ 164 ነጥብ ነበራት። 10 ተቀነሰባት። ለምን? ኳስ ቶሎ ቶሎ አልጣላችሁም፣ ሰዓት ገደላችሁ ተብሎ። 154 ለ228፣ 67.54። ቅጣቱ ባይኖር 71.93 ሆና አንደኛ ትወጣ ነበር።

የመጀመሪያው ዙር ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ታኅሣሥ 2020 እዚሁ ኤም ሲ ጂ ሜዳ ከሕንድ ጋር ሲጫወቱ በሁለት ኦቨር ዘገዩ ተብሎ 4 ነጥብ ሄደ። ሁለት ኦቨር ማለት አሥራ ሁለት ኳስ ነው፤ ሻይ ቀድተህ ሳትጨርስ ያልቃል። መጨረሻ ላይ ኒውዚላንድ 70 በመቶ፣ አውስትራሊያ 69.2። አራቷ ነጥብ ብትኖር ልክ 70 ትሆንና በመለያው ታልፋቸው ነበር። ኒውዚላንድ ሄዳ ዋንጫ በላች። ሻምፒዮን በሰዓት ቆጣሪ ይለያል እንዴ? ገንዘብ ቅጣ፣ አምበሉን አግድ። ነጥቡን ተወው።

የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። የአውስትራሊያ ክፍላተ ሀገር ውድድር፣ ሼፊልድ ሺልድ፣ ከ1982/83 ጀምሮ ፍጻሜ አለው። ፍጻሜውን የሚያስተናግደው አንደኛ የወጣው ነው። ለብዙ ዘመን ደግሞ ፍጻሜው አቻ ካለቀ ዋንጫው የአንደኛው ነበር። ሁለተኛው የግድ ማሸነፍ አለበት። ከዚህ የበለጠ ፍርድ ከየት ይመጣል? የልፋትህን ዋጋ በሜዳህና በአቻ ታገኛለህ፣ ግን ፍጻሜም አለህ። ሁሌ እንግሊዝ፣ እንግሊዝ። 2027፣ 2029፣ 2031ም እዚያው ነው ተብሎ ተወስኗል። የማን ርስት ነው?

ማሂ ከለንደን | ረቡዕ፣ ቀን 8:02

አንደኛው ሕንድ ቢሆንስ? ሰኔ ላይ ክረምት ነው፣ ሜዳው ኩሬ ነው። እናንተም አገር ሰኔ ብርድ ነው፤ ኤም ሲ ጂ ላይ የእናንተው እግር ኳስ ነው የሚጫወትበት። የሕንዱ ትልቁ አጭር ሊግ ደግሞ እስከ ግንቦት መጨረሻ ተጫዋቾቹን አይለቅም። ስለወደዱን አይደለም እዚህ የሚመጡት፣ በዚያ ወር ደረቅ ሣር ያለው እኛ ጋ ስለሆነ ነው። ደረቅ ካልነው።

ደግሞስ ደጋፊው ቪዛውን በስንት ሳምንት ያወጣል? ሐበሻ ሆነህ ይሄን አትርሳ እንጂ።

የፉትስክሬ ልጅ | ረቡዕ፣ ቀን 8:30

ቪዛው ላይ አሸነፍሽኝ። 😂 ግን ለ2025ቱ ሁለቱም ቡድኖች ጥር ሲጀምር ታውቀው ነበር፤ ፍጻሜው ሰኔ። አምስት ወር አይበቃም? ወሩንም መቀየር ይቻላል።

የካታንጋው | ረቡዕ፣ ማታ 2:45

ልጆች፣ ክሪኬት የሚባለውን አላውቅም። አነበብኳችሁ፣ ግማሹ ገብቶኛል። አንድ ነገር ግን አይቻለሁ።

በእኛ መጋቢት 1968፣ በፈረንጁ 1976፣ የአፍሪካ ዋንጫ እኛ አገር ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አጎቴ ትከሻው ላይ አድርጎኝ አዲስ አበባ ስታዲየም ገባን። የእኛ ልጆች ከምድቡ ወድቀዋል፤ ሆዳችን እያረረ ነው። የዚያን ጊዜ ፍጻሜ የሚባል አልተደረገም። የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች፣ ሞሮኮ፣ ጊኒ፣ ናይጄሪያና ግብፅ፣ ሁሉም ከሁሉም ተጋጠሙ። ነጥብ የበለጠ ዋንጫ ይወስዳል።

የመጨረሻው ቀን ሞሮኮና ጊኒ ተገናኙ። ሞሮኮ አቻ ይበቃታል፣ ጊኒ ማሸነፍ አለባት። ጊኒ በ33ኛው ደቂቃ አገባች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት ልንገራችሁ! ጊኒ ሻምፒዮን ናት፤ እየቆጠርን ነው። በ86ኛው ደቂቃ ሞሮኮ አገባች። አንድ ለአንድ አለቀ። አቻ ወጥተው አንዱ እየዘለለ አንዱ ሣሩ ላይ ተዘርሮ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አጎቴ "እነዚህ ምን ሆኑ፣ እኩል አይደሉም እንዴ?" አለ።

ስለዚህ ፍጻሜ ካልተባለ ፍጻሜ የለም አትበሉ። ነጥቡ ራሱ ያመጣዋል።

ቁጥር አይዋሽም | ረቡዕ፣ ማታ 3:10

ጋሼ፣ ይሄን ታሪክ ስለነገሩን እናመሰግናለን። ግን ያ ዕድል ነው። የመጨረሻው ቀን የተገናኙት አንደኛና ሁለተኛው ባይሆኑ ኖሮ ስታዲየሙ ባዶ ነበር። በቴስት ሊግ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች በዓለም ላይ የተበተኑ ናቸው። አንዱ ካሪቢያን ሲጫወት አንዱ ተኝቷል።

የደይራው | ረቡዕ፣ ማታ 5:20

ቁጥር፣ እሱስ ቢሆን! መጋቢት 2023ን ልንገርህ፤ መጋዘን ውስጥ ነበርን። ሕንድ ራሷ አህመዳባድ ላይ እየተጫወተች ነው፤ ጨዋታው ግን ወደ አቻ እየሄደ ነው። ፍጻሜ ለመግባት ዕጣዋ ክራይስትቸርች ላይ ተንጠልጥሏል። ስሪላንካ ኒውዚላንድን እዚያ ካላሸነፈች ሕንድ ገባች።

የመጨረሻው ቀን፣ የመጨረሻው ኦቨር፣ የመጨረሻዋ ኳስ። ኒውዚላንድ አንድ ራን ይቀራታል። ኳሷ መቺያቸውን ዊሊያምሰንን አልፋ ሄደች፣ አልነካትም፣ ግን ሮጠ። ወረወሩ፣ እንጨቶቹ ላይ ሲያርፍ እሱ መሬት ላይ ተወርውሮ ዱላውን ዘርግቷል። በስንዝር አለፈ። የሕንዱ ልጅ ካርቶን ጥሎ ጮኸ፤ ውስጡ ብርጭቆ ነበር። ሦስት ብርጭቆ ከፈለ።

ሕንድ ያን ቀን ፍጻሜ የገባችው ባልተጫወተችበት ጨዋታ ነው። ከዚያ ኦቫል ላይ አውስትራሊያ በ209 ራን ቀጣቻት። ትራቪስ ሄድ ብቻውን 163 መታ።

ታዲያ አሁን ሳስበው ሦስት ጨዋታ ያልኩትን እየተውኩ ነው። ማሂ ስለ ባቩማ ያለችው ገባኝ። ግን ቁጥር፣ አንተ ምን ይሁን ነው የምትለው? ማፍረስማ ሁሉም ያፈርሳል።

ቁጥር አይዋሽም | ሐሙስ፣ ቀን 6:45

ትክክል። የእኔ ይህ ነው። ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጫወት። ዘጠኝ ቡድን ነው፤ እያንዳንዱ ከስምንቱ ጋር ሁለት ሁለት ጨዋታ፣ 16 ጨዋታ ነው ለአንድ ቡድን። በሁለት ዓመት ይገባል፤ እንግሊዝ 22 ተጫውታ የለ? አምስት አምስቱን የሚፈልጉ ይጫወቱ፣ ነጥቡ ግን ከሁለቱ ብቻ ይያዝ። ያኔ መቶኛም አያስፈልግም። ከዚያ ፍጻሜውን እንደ ፉትስክሬ ልጅ፣ አቻ ለአንደኛው።

ምን አገባኝ | ሐሙስ፣ ቀን 6:58

ለምን እስኪሸናነፉ አይጫወቱም? ሰዓት አያስፈልግም። ጨርሳችሁ ኑ በሏቸው።

ጄፒ ጎዳና | ሐሙስ፣ ቀን 7:30

ተሞክሯል ወዳጄ! እዚሁ ደርባን፣ 1939። ደቡብ አፍሪካና እንግሊዝ ቀን ሳይገደብ ይጫወቱ ተባለ። ከመጋቢት 3 ጀምረው እስከ 14 ቆዩ። እንግሊዝ ለማሸነፍ 696 ራን ያስፈልጋታል፤ 654 ደርሳ 42 ሲቀራት ዝናብ መጣ። ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ? ወደ አገራቸው የሚወስዳቸው መርከብ ከኬፕታውን ሊነሣ ነው። ባቡር መያዝ አለባቸው። አቻ ብለው ጥለው ሄዱ።

ምን አገባኝ | ሐሙስ፣ ቀን 7:33

ሃሃሃ! አሁን ይሄን ጨዋታ ወደድኩት።

ቆይ ግን፣ ዘጠኝ ቡድን ብቻ ነው የሚጫወተው?

የደይራው | ሐሙስ፣ ማታ 4:50

ቴስት የሚፈቀድላቸው 12 ናቸው። ዚምባብዌ፣ አየርላንድና አፍጋኒስታን ውጪ ቀርተዋል። ከሠፈራችን ዳቦ ጋጋሪው አፍጋን ነው። ፍጻሜውን በስልክ እያየን ዳቦ ልገዛ ስገባ "የዓለም ሻምፒዮን ትላላችሁ፣ እኛ ዓለም ውስጥ የለንም?" አለኝ። ምን ልበለው? ሳንቲሜን ቆጥሬ ወጣሁ። የክሪኬቱ ዋና መሥሪያ ቤት እኮ እዚሁ ዱባይ ነው፤ ከ2005 ጀምሮ።

የቁጥርን ዕቅድ ለክፍሌ ልጆች ነገርኳቸው። ሁሉም ከሁሉም ስላቸው ሁለቱም ሣቁ። ለካ ሕንድና ፓኪስታን ቴስት ከተጫወቱ ከታኅሣሥ 2007 ወዲህ የለም። በሊጉም አያገናኟቸውም። የፓኪስታኑ ልጅ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። "ከእሱ ጋር አንድ ሳህን እበላለሁ፣ ቡድኔ ከቡድኑ ጋር ቴስት ሲጫወት ግን ትዝ አይለኝም" አለ።

ቁጥር አይዋሽም | ዓርብ፣ ጠዋት 4:15

እሱን ረስቼው ነበር። እሱ በሒሳብ አይፈታም።

የካታንጋው | ዓርብ፣ ቀን 5:00

ዛሬ ዓርብ አይደል? የእነዚያ የክፍልህ ልጆች ጨዋታ ስንት ለስንት ሆነ?

የደይራው | ዓርብ፣ ማታ 3:25

ጋሼ፣ በሦስት ጨዋታ ይለይ ብለው ተስማሙ። የመጀመሪያውን ፓኪስታኖቹ፣ ሁለተኛውን ሕንዶቹ ወሰዱ። ሦስተኛው ላይ ስምንት ራን ሲቀር አንድ ነጭ ፒካፕ መጥቶ ልክ መምቻው ቦታ ላይ ቆመ። ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ሊፍት ገባ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፣ መሸ።

አሁን ሁለቱም ደብተሩን አምጣ እያሉኝ ነው። የፓኪስታኑ መጀመሪያ ያሸነፈ ይወስዳል ይላል። የሕንዱ በድምር ራን ይቆጠር ይላል፤ በድምር በሦስት ይበልጣሉ። ደብተሩን ትራስ ሥር ደብቄያለሁ። ማሂ፣ እናንተ ጋ ዋንጫ ለሁለት ሲካፈል እንዴት ነው የሚጻፈው?